ኒውክሌርን በወጉ ስለመፍራት

ልጅዎ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ይመለስና «የሳይንስ ፕሮጀክት አለብኝ» ይላል። ያን ጊዜ መደንገጥ የወላጅ ግዴታ ነው። ችግሩ አብዛኞቻችን የምንደነግጠው በዘፈቀደ መሆኑ ነው። አንዱ ሽቦ ሲያይ ይርዳል፣ ሌላው «አቶም» ሲባል ያማትባል፣ ሦስተኛው ጭራሽ ሳይፈራ ይቀርና በኋላ «ጎረቤት ሆነህ እንዴት ዝም አልክ?» ተብሎ ይወቀሳል። «ፈሪ ለእናቱ» ያሉት አባቶች ፍርሃት ጥቅም እንዳለው ያውቁ ነበር፤ አፈራሩን ግን ሳይነግሩን አለፉ። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአሜሪካ ናቸው። የተማሪዎች የሳይንስ ውድድርም፣ የጓሮ ኒውክሌርም፣ ተማሪን በካቴና አስሮ መውሰድም እዚያ በደንብ ይመዘገባል፤ ደግሞስ ስንቱ ዘመዳችን ልጁን የሚያስተምረው እዚያው አይደል? ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ምንም ነገር አይለኩ። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም፤ እንደ ልባችን የምንፈራውም ለዚሁ ነው። ጋይገር ቆጣሪ የሚባለው ጠቅ ጠቅ የሚል ዕቃ ቤትዎ ከገባ ግን ፍርሃትዎ ቁጥር ይወጣለታል። ቁጥር የወጣለት ፍርሃት ደግሞ ወይ ይቀንሳል ወይ ሥራ ያመጣል። ሁለቱም አይመቹም።

ያልሰማ ቢኖር የፔንሲልቬኒያውን መሐንዲስ ታሪክ ይስማ። በ1984 መጨረሻ ሊመሪክ በተባለው ቦታ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ እየተገነባ ነበር። ይህ መሐንዲስ በጨረር መፈተሻው በር ባለፈ ቁጥር ማሽኑ ይጮኽበታል። ያጥቡታል፣ ልብሱን ይፈትሻሉ፣ ነገ ያው ነው። ግራ የሚያጋባው ማመንጫው ገና ሥራ አለመጀመሩ ነበር፤ የሚያስጮኽ ነገር በግቢው ውስጥ የለም። በመጨረሻ ሰውየው ጠዋት ከቤቱ መጥቶ ገና ሲገባ ማሽኑ እንደሚጮኽበት ታወቀ። ባለሙያዎች ቤቱ ሄደው ቢለኩ፣ ከምድር ሥር የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ ዛሬ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት «እርምጃ ውሰዱ» ከሚልበት መጠን ከ600 እጥፍ በላይ ሆኖ አገኙት። ጨረሩን ከቤቱ ወደ ኒውክሌር ማመንጫው ተሸክሞ ሲመላለስ የነበረው እሱ ነው ማለት ነው። ሚስትና ልጆቹ እዚያው ቤት ውስጥ ተኝተው እያደሩ!

መለኪያው ባይኖር ኖሮ ይህ ሰው ቤቱ ሳሎን ተቀምጦ፣ በመስኮቱ አሻግሮ እያየ፣ ማመንጫውን በሰላም ሲፈራ በኖረ ነበር።

ራዶን በዐለት ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚወለድ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። በወለል ስንጥቅ እየገባ ምድር ቤት ውስጥ ይጠራቀማል። በዚያው መሥሪያ ቤት ግምት አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 21,000 ሰው በራዶን ምክንያት በሳንባ ካንሰር ይሞታል፤ ከመካከላቸው የሚበዙት አጫሾች ናቸው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ቤዝመንት ተከራይተው የሚኖሩ ወገኖቼ ይህን ሲያነቡ እንዳይረበሹ እለምናለሁ። የራዶን መመርመሪያ በየዕቃ መደብሩ በርካሽ ይሸጣል፤ ፈቃድም አይጠይቅም፤ ማንም ተማሪ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት ሊሠራበት ይችላል። እንዲህ የቀለለ ነገር ምን ያስፈራል? ይልቅ አውራ ጎዳናው ዳር ያለውን ትልቁን የማመንጫ ማማ ይፍሩ። ከአናቱ የሚወጣው ነጭ ጉም የውሃ እንፋሎት ብቻ ቢሆንም ፎቶግራፍ ላይ በጣም ያምራል፤ ፍርሃት ደግሞ መልክ ይወዳል።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ስሙ ረዘም ያለ ነገር ሲመጣብዎ ሳያነቡ ይፈርሙ። በ1997 አይዳሆ ግዛት፣ አይዳሆ ፎልስ ከተማ፣ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ለሳይንስ ውድድር የማይረሳ ሥራ ሠራ። ለ50 ተማሪዎች ስለ «ዳይሃይድሮጅን ሞኖክሳይድ» ጽሑፍ ሰጣቸው። ቁሱ በአሲድ ዝናብ ውስጥ ይገኛል፣ ወደ ሳንባ ከገባ ይገድላል፣ በእንፋሎት መልክ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል፣ የካንሰር ሕሙማን እብጠት ውስጥም ይገኛል። ይታገድ ወይስ አይታገድ? 43ቱ ይታገድ አሉ። ነገሩ ውሃ መሆኑን ያወቀው አንድ ተማሪ ብቻ ነበር። ጽሑፉ ውስጥ አንዲት ሐሰት አልነበረችም፤ የሚያስፈራ እውነት ብቻ ተመርጦ በሰልፍ ቆሟል። ልጁ ውድድሩን አሸነፈ።

ይህ የሆነበት ከተማ የትም ያለ ከተማ አይደለም። የአይዳሆ ብሔራዊ ላብራቶሪ ሠራተኞች መኖሪያ ነው። ከከተማው በስተምዕራብ ባለው በረሃ በታኅሣሥ 1951 ከኒውክሌር የተገኘ ኤሌክትሪክ አራት አምፖል አብርቷል። እዚያው በረሃ ውስጥ በጥር 1961 የጦር ሠራዊቱ ትንሽ ሬአክተር ፈንድቶ ሦስት ወጣቶች ሞተዋል። አገሩ ስለ ጨረር ጥቅሙንም ጉዳቱንም በዓይኑ ያየ ነው። ልጆቹ ግን ውሃ ፈሩ። ትልልቆቹም አይተናነሱም። በ2004 አሊሶ ቪዬሆ የተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ ሲመረቱ ይኸው ቁስ ይገባባቸዋል በሚል ምክንያት የፎም ኩባያዎችን ለማገድ ረቂቅ አዘጋጅቶ፣ ሊወያይበት ጥቂት ሲቀረው ነው የነቃው።

በዚህ አያያዝ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ለማሳየት ያህል፦ በአንድ ሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ ከሚገኘው ፖታሲየም የተወሰነው በተፈጥሮው ጨረር አመንጪ ነው፤ በየሰከንዱ ወደ 4000 የሚጠጉ አቶሞች እየፈነዱ ጨረር ይረጫሉ። ፖታሲየሙ የሚመጣው ከሙዝ፣ ከድንች፣ ከቡናም ጭምር ነው። ጥንቁቅ ሰው አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን መተው ይችላል። ከባለቤትዎ ጋር አንድ አልጋ መጋራቱን በተመለከተ የራስዎን ውሳኔ ይውሰዱ፤ ከራስዎ ጋር መተኛቱ ግን የማይቀር ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ከሚቺጋኑ ዴቪድ ሃን የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ የለም። ከዲትሮይት ወጣ ባለ ሰፈር ያደገ ስካውት ነበር፤ በ1991፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ስካውቶች ስለ አቶም ኃይል ለተማረ የሚሰጡትን ባጅ አግኝቷል። በአባቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የኬሚስትሪ ሙከራ ይሠራል። አንድ ቀን ሙከራው ፈነዳና አባትና የእንጀራ እናቱ ተደናግጠው ሮጡ። ከዚያ በኋላ ልጁ ላብራቶሪውን ከዚያ ቤት እንዲያወጣ ተደረገ፤ እሱም ዕቃውን ሸክፎ እናቱ ጓሮ ወዳለችው የዕቃ ማስቀመጫ ጎጆ ተዛወረ።

ይህን ውሳኔ ልብ ይበሉ፤ የፈራ ወላጅ ከዚህ የበለጠ ሊሠራ አይችልም። ሙከራው አልቆመም፤ የተቋረጠው የወላጅ ዓይን ነው።

ጎጆዋ ውስጥ ልጁ አንድ በአንድ ሰበሰበ። ከጭስ ማስጠንቀቂያ አሜሪሲየም፣ ማሾ በመሰለው የካምፕ ፋኖስ ውስጥ ነድዶ ከሚያበራው መረብ ቶሪየም፣ በጨለማ ከሚያበሩ አሮጌ ሰዓቶች ቀለም ራዲየም። ሁሉም ከመደርደሪያ የሚገዛ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የሚገኝ ነው። የማያውቀውን በደብዳቤ ጠየቀ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ ብሎ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጻፈ፤ እነሱም በአክብሮት መለሱለት። እዚህ ላይ ማንም አልፈራም። ደብዳቤ መቼም አይፈነዳም።

እዚያ ሰፈር በወጉ የፈራ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ልጁ። ምክንያቱም ጋይገር ቆጣሪ ነበረው። ከጎጆው ጥቂት ቤቶች አልፎ ሲለካ መሣሪያው አሁንም እንደሚቆጥር ሲያይ ደነገጠና ሥራውን ማፍረስ ጀመረ። ነሐሴ 31 ቀን 1994 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ አንድ ወጣት ከመኪና ጎማ እየሰረቀ ነው የሚል ጥቆማ የደረሳቸው ፖሊሶች መጥተው አስቆሙት። በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በቁልፍና በፕላስተር የታሸገ የመፍቻ ሳጥን አገኙ። ልጁም ጨረር አመንጪ መሆኑን ነገራቸው። ፖሊሶቹ አቶሚክ ቦምብ ሊሆን ይችላል ብለው ሰጉ። ከዚያ ምን አደረጉ? መኪናውን ከነሳጥኑ አስጎትተው ወደ ፖሊስ ጣቢያቸው ወሰዱት።

ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ አይደለም፤ በዚህ ረገድ ፖሊሶቹ ብቻቸውን አይደሉም። በ2015 ከዳላስ አጠገብ ባለችው ኧርቪንግ፣ ከሱዳን የመጣ አባት ልጅ የሆነ የ14 ዓመት ተማሪ በእጁ የገጣጠመውን ሰዓት ለመምህሩ ሊያሳይ ይዞ መጣ። ቦምብ መሰለ ተባለ። ልጁ በካቴና ታስሮ ተወሰደ፣ ከትምህርትም ታገደ፤ ሕንፃው ግን አልተለቀቀም፣ ተማሪዎቹም አልወጡም። ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ይማሩ! በትክክለኛው አሠራር «ቦምቡ» ከእናንተ ጋር ይቀመጣል፤ ከግቢ የሚወጣው ልጁ ነው። ዳላስና አካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ስለሆነች፣ በስሙ ወይም በመልኩ ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ቀድሞ የሚታጨው ልጅ የማን እንደሚሆን ለማወቅ ጋይገር ቆጣሪ አያስፈልግም።

ወደ ሚቺጋን እንመለስ። ባለሥልጣናቱ ስለ ጓሮዋ ጎጆ የሰሙት ልጁ ከተያዘ ከወራት በኋላ ነው። ይህን ጊዜ እናቱ «ቤቴን ይወስዱብኛል» ብላ ፈርታ ነበርና፣ ጎጆው ውስጥ ያለውን አብዛኛውን ነገር አውጥታ ከቤት ቆሻሻ ጋር ጣለችው። እናት ናት፤ ማን ይፈርድባታል? በሰኔ 1995 የጨረቃ ተጓዥ የሚመስል ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው ጎጆዋን ቆራርጠው በ39 በርሜል አሸጉና ዩታ በረሃ ወስደው ቀበሩት። ጎረቤት ሁሉ በመስኮት እያየ ተርበደበደ። ዋናው ነገር ግን ልጁ በኋላ እንደተናገረው ከቆሻሻ መኪናው ጋር ቀድሞ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስለዚህ እርስዎም ልጅዎ ክፍል ውስጥ ያልገባዎትን ነገር ካገኙ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልለው ወደ ገንዳው ይጣሉት። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋ መደወል ብዙ ጥያቄ ያስከትላል። ልጁም ሕግ የሚያስከብር ባለሥልጣንን ምክር እንዳይጠይቅ ያስጠንቅቁት። በ2011 ስዊድን ውስጥ አንድ ሰው ማድ ቤቱ ውስጥ አቶም ለመሰንጠቅ ሲሞክር ቆይቶ፣ «ለመሆኑ ይህ ይፈቀዳል?» ብሎ የጨረር ደኅንነት ባለሥልጣኑን ጠየቀ። መልሱን ይዞ የመጣው ፖሊስ ነው። ሰውየው ሞኝ እንደነበር አልክድም፤ ራዲየም ምድጃ ላይ አይጣድም። ነገር ግን የተያዘው በመጣዱ አልነበረም፤ በመጠየቁ ነው። ይህን የሰማ ሌላ ሞካሪ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በ2014 እንግሊዝ ውስጥ፣ ላንካሸር የታየው አደገኛ ምሳሌ ነው። አንድ የ13 ዓመት ተማሪ አቶም የሚያጋጥም መሣሪያ መሥራት እፈልጋለሁ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። መሣሪያው ፊውዘር ይባላል፤ ሐሳቡ ቴሌቪዥንን ከፈለሰፉት ሰዎች አንዱ ከሆነው ከፋይሎ ፋርንስዎርዝ የመጣ ነው። አየር በተመጠጠበት የብረት ዕቃ ውስጥ ትንሽ ከባድ ሃይድሮጅን ይገባል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጋጫል፣ ጥቂት ኒውትሮን ይወጣል። ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ ከሚሰጠው የሚበላው እጅግ ይበልጣል። እንደ ቦምብም ሊፈነዳ አይችልም። ቦምብ የሚያደርገው ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ርዕሰ መምህሩ መፍራቱን አልደበቀም፤ ትምህርት ቤቱን እንደማያፈነዳው ልጁን ጠይቆ አረጋገጠ። ከዚያ ገንዘብና ክፍል ሰጠው። ልጁ በአዋቂዎች ፊት፣ መለኪያ ከጎኑ አስቀምጦ ሠራው። ምንም አልሆነም። ይህ እንዴት ያለ የፍርሃት ብክነት ነው!

በነገራችን ላይ እንዲህ ባለው መሣሪያ ዙሪያ ልጅን በእርግጥ ሊገድል የሚችለው ኮረንቲው ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟልና። ኮረንቲን ግን ሁላችንም ቤታችን ውስጥ እናውቀዋለን፣ ሶኬቱ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠግኖ ከርሟል። ለቤተኛ ማን ይደነግጣል?

«ታዲያ ጨረር አይገድልም ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይገድላል እንጂ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሂሮሺማንና ቼርኖቤልን የሰማ ትውልድ ቢበረግግ አይፈረድበትም። ብራዚል ውስጥ ጎያኒያ የሆነውን እንይ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ባዶውን ከቀረ የካንሰር ሕክምና ክሊኒክ አንድ ማሽን ነቅለው ወሰዱ። ክሊኒኩ ሲዛወር ማሽኑን ትቶት ነው የሄደው። ለብረታ ብረት ገዢ ሸጡት። የእኛ ቁራሌው ማለት ነው። ሲከፈት ውስጡ ያለው የሲዚየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሰውየው ዘመድ ወዳጁን ጠርቶ አሳየ፣ አካፈለ። የወንድሙ የ6 ዓመት ልጅ ገላዋን ተቀባችው፤ በእጇ እንደያዘችውም ምግብ በላች። ቀስ በቀስ ቤተሰቡ መታመም ጀመረ።

የብረት ገዢው ሚስት ብቻ «ይህ ነገር ነው የሚያሳምመን» ብላ ጠረጠረች። በከረጢት አስይዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ ጤና ቢሮ አደረሰችው። በማግሥቱ አንድ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ የጨረር መለኪያ ተውሶ ወደዚያ ሲሄድ፣ ገና በሩቁ መርፌው ጥግ ደረሰ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሁለተኛውም ጥግ ደረሰ። በዚህ መካከል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከረጢቱን ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት ተዘጋጅተው ነበር፤ ለጥቂት ደርሶ አስቆማቸው። አራት ሰው ሞተ፤ ሕፃኗም፣ ያቺ ሴትም ከአራቱ ውስጥ ናቸው። ከ112,000 በላይ ሕዝብ ስታዲየም ውስጥ ተመረመረ፤ 249 ሰው ላይ ብክለት ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ፍርሃት የመጣው፦ የጎያኒያ ሰው ሌላ ከተማ ሆቴል ተከለከለ፣ ከብክለት ነፃ ነኝ የሚል ወረቀት መያዝ ጀመረ፣ የሕፃኗ አስከሬን በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ሲመጣም ሰዎች ቀብሩን ለማስቆም ድንጋይ ወረወሩ።

ክሊኒኩ ማሽኑን ትቶ ሲሄድ ማንም ያልወረወረው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ምክሬ እዚህም ያው ነው፤ የተተወውን ማሽን፣ ያልተቆለፈውን በር፣ ያልተሞላውን የርክክብ መዝገብ አይፍሩ። መዝገብ መፍራት ሰውን ያሰለቻል። የሬሳ ሣጥን ይሻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እስካሁን የፈራነው በውሰት ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት የካንሰር ሕሙማንን በኮባልት ጨረር ሲያክም ሰልፍ አልወጣንም። ቃሊቲ ውስጥ የቆላ ዝንብ ወንዶች በጨረር እየመከኑ፣ ገንዲ ከብት እንዳይጨርስ ወደ ደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲለቀቁም የተደናገጠ ጎረቤት አልሰማሁም። አሁን ግን ነገሩ የራሳችን ሊሆን ነው። በመስከረም 2018 በእኛው አቆጣጠር መንግሥታችን ሞስኮ ላይ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ከሩስያ ጋር ተፈራርሟል። ነዳጁ ሲያበቃ የት ይቀመጣል፣ ተቆጣጣሪው ለማን ይታዘዛል፣ የጨረር መጠኑን ማን ይለካና ለሕዝብ ያወጣዋል ብሎ መጠየቅ ለሚፈልግ ጊዜው ገና ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን ሥራ ያበዛል፤ ከዚህ መመሪያም ጋር አይሄድም።

ከመመሪያው ጋር የሚሄደው ጨው ነው። በመጋቢት 2011 ጃፓን ውስጥ የፉኩሺማ ኒውክሌር ማመንጫ አደጋ ሲደርስበት፣ ቻይና ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ሁለት ቀን ገበያ ያለውን ጨው ጠራርጎ ገዛ። ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ከጨረር ያድናል ተብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር አዮዲን የሚጠቅመው ለእንቅርት ዕጢ ብቻ ነው፤ በቂ አዮዲን ከጨው ለማግኘት ደግሞ በአንድ ጊዜ ኪሎዎች መብላት ይጠይቃል፤ ያንን የበላ ሰው ጨረሩ ሳይደርስ ጨው ይገድለዋል። ነጋዴው ግን አተረፈ። የእኛ ጨው በአብዛኛው ከአፍዴራ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ረጅም፣ መጋዘኑም ጥቂት ነው። ካፒታል ያለው አንባቢ ማመንጫው የሚተከልበት ቦታ ሳይታወቅ ከአሁኑ አፍዴራ ሰው ያዘጋጅ፤ የጨው መያዣ ማዳበሪያም በብዛት ይግዛ።